«ጠቆር ብትልም ቆንጆ ናት»

ለመጽሔታችን ልብ ወለድ የምትልኩ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ በዚህ ዕትም ከእናንተ ጋር ልሟገት ነው የመጣሁት። የሙግቱ መነሻ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ልብሷን እየቀያየረች ደጋግማ ትመጣለች። አንዳንዴ «ጠቆር ብትልም ቆንጆ ናት» ትላለች። ሌላ ጊዜ «አፍንጫው ደፍጠጥ ያለ ቢሆንም ደስ የሚል ፊት አለው»፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ «ፀጉሯ ከርዳዳ ቢሆንም ስትስቅ ታምራለች» ሆና ብቅ ትላለች። የጻፈው ሰው ክፋት አላሰበም። እንዲያውም ገጸ ባሕርይዋን ያመሰገናት መስሎታል።

እስቲ «ብትልም» የምትለዋን ቃል ለብቻዋ አውጥታችሁ እዩዋት። ሥራዋ የታወቀ ነው፤ ከእሷ በፊት ያለውን ጉድለት፣ ከእሷ በኋላ የሚመጣውን ማካካሻ ታደርገዋለች። «ደኻ ቢሆንም ታማኝ ነው» ስንል ድህነት ታማኝነትን ያጠራጥራል ማለታችን ነው። «ጠቆር ብትልም ቆንጆ ናት» ስንልም እንዲሁ ነው። ጥቁረት በልጅቱ ላይ የቀረበ ክስ ሆኗል፤ ጸሐፊው ደግሞ ጠበቃዋ ሆኖ ቆሟል። ክሱን ማን አቀረበው? ያው ጠበቃው ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ ታሪኩ የት እንደሚነበብ ያስብ። ይህ መጽሔት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚቀር አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት አየር ጤና ወይም ዓለም ባንክ ወይም ካራ ቆሬ ባለ አዳራሽ ውስጥ ወጣቶች በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው አንዱ ጮክ ብሎ ያነብበዋል። ከተቀመጡት መካከል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለች፤ ቆዳዋ ጥቁር ነው። እስከዚያች ዓረፍተ ነገር ድረስ እንደ ሌላው ሁሉ ታሪኩን ስትከተል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የምትሰማው ስለ ራሷ ነው። አጠገቧ ያሉት ዞር ብለው አያዩዋትም፤ ላለማየት መጠንቀቃቸውን ግን ታውቃለች። በመጨረሻ «አስተያየት ያለው?» ሲባል እጇን አታወጣም። ለአዘጋጆችም ደብዳቤ አትጽፍም። ስለዚህ እኔ እጽፋለሁ።

ከዚህች ዓረፍተ ነገር በፊት የሚመጣውንም ሰልፍ እናውቀዋለን። ዋናዋ ልጅ ገና ከበር ሳትገባ ዓይኗ የብር ዋንጫ፣ ጥርሷ በረዶ፣ አንገቷ ብርሌ፣ ጣቷ አለንጋ፣ ፀጉሯ ሐር፣ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ ተረከዟ ሎሚ ይሆናል። ስሟን ሳናውቅ ተረከዟን ዐወቅን። እነዚህን ምስሎች ልንቃቸው አይደለም። በሠርግ ቤት ሲዜሙ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ የምትወደሰው ሙሽራ እዚያው ተቀምጣለች፣ ሰው ሁሉ ያያታል፣ ምስሉ ክብር ይጨምርላታል እንጂ እሷን አይተካም። በወረቀት ላይ ግን ከምስሉ ጀርባ ማንም የለም። ይህችን ልጅ ነገ ጠዋት አሥራ ስምንት ማዞሪያ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ፈልጓት ብትባሉ በምን ትለዩአታላችሁ? አጠና ተራ እንጨት ሲሸከም የሚውል ሰው ትከሻው ምን እንደሚመስል የምታውቁ፣ እናታችሁ ከምጣድ ፊት ስትነሣ ዓይኗ በጭስ እንዴት እንደሚቀላ ያያችሁ ልጆች፣ ለምን ብላችሁ የብር ዋንጫ ትበደራላችሁ? አብዛኞቻችሁ የብር ዋንጫ አይታችሁ አታውቁም። እኔም አላየሁም።

ይህኛው እንኳ ስንፍና ነው፤ ስንፍና በሥራ ይታረማል። የባሰው ሌላ ነው። በምስክርነት መልክ በሚጻፉ ታሪኮቻችን ውስጥ መልክ የፍርድ ወረቀት ሆኗል። ጌታን ያላገኘው ጓደኛ ሁልጊዜ ጠቋራ ነው፤ ዓይኑ ደም ለብሷል፣ ጥርሱ በልዟል፣ ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለ። የዳነው ቀይ ነው፣ ቢያንስ የቀይ ዳማ ነው። የወደቀው ልጅ በንስሐ ሲመለስ መልኩም አብሮ ይመለሳል፤ ፊቱ ይፈካል፣ ቆዳው ይጠራል። ከድነት ጋር የፊት ቅባት የታደለ ይመስላል።

በድራማ ክፍሎቻችንም ያው ነው። መልአኩ ነጭ አንሶላ ይለብሳል። ሰይጣኑ ጥቁር ልብስ ይለብስና ፊቱን በከሰል ይቀባል። ከሰል አያስፈልገውም የሚባል ልጅ ካለ ደግሞ «ሰይጣንን ማን ይጫወት?» ሲባል ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። በሳቅ መካከል ነው የሚደረገው። እሱም አብሮ ይስቃል። በአገልግሎት ስም፣ በጸሎት ተከፍቶ በጸሎት በሚዘጋ ልምምድ ላይ ስለ ገዛ ፊቱ ምን እንደተማረ ግን የጠየቀው የለም።

ይህ የውበት ሚዛን ከሰማይ አልወረደም። በአገራችን ሰውን በቀይ፣ በቀይ ዳማ፣ በጠይምና በጥቁር መደርደር ከቀለም ያለፈ ጉዳይ ነበር። (ለውጭ አገር ሰው «ጓደኛዬ ቀይ ነው» ብትሉት ይደነግጣል፤ እኛ ግን ምን ማለታችን እንደሆነ እናውቃለን።) ሰው በሰው ይሸጥ በነበረበት ዘመን የቆዳ ጥቁረት፣ የአፍንጫ ቅርፅና የፀጉር ዓይነት ማን የጨዋ ልጅ፣ ማን «ባሪያ» እንደሆነ መጠቆሚያ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 እ.ኤ.አ. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ጨርሶ ተከለከለ። ሩቅ ዘመን አይደለም፤ አንዳንዶቻችን አያቶቻችን በሕይወት የነበሩበት ነው። አዋጁ ሰዎቹን ነፃ አወጣ፤ ቅጽሎቹን ግን የሚነካ አዋጅ አልወጣም። «ደፍጣጣ» ብላችሁ ስትጽፉ ቃሉ ብቻውን አይመጣም፤ ከነዘመዶቹ ነው የሚመጣው።

«የቀደመው ሥዕላችንስ ክፉውን በፊቱ አይለይም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይለያል፤ እንዴት እንደሚለይ ግን ልብ በሉ። በአገራችን የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቃን ፊታቸውን ወደ እኛ አቅንተው ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። ይሁዳና አሳዳጆቹ ግን ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። በብዙ የዐድዋ ሥዕሎችም ላይ የኢጣልያ ወታደሮች እንዲሁ ጎናቸውን ሰጥተው ይታያሉ። ሰይጣንን ያጠቆሩ ሥዕሎች መኖራቸው አይካድም፤ ሰውን ከሰው የለዩበት ምልክት ግን ቆዳው ሳይሆን አዟዟሩ ነው። ጎኑን የሰጠ ሰው አንድ ዓይኑ አልጠፋም፤ ከእኛ ዞሯል እንጂ። ፊቱን ቢመልስ ሁለቱም ይታያሉ። እኛ ወንጌላውያን በሥዕል ጉዳይ ብዙ ክርክር አለን፤ እሱን ለሌላ ቀን እንተወው። በዚህ ነጥብ ግን እነዚያ ሠዓሊዎች ንስሐ ምን እንደሆነ ከድራማ ክፍላችን የበለጠ ያወቁ ይመስለኛል።

ሌላው መከራከሪያ ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚነሣ ነው፤ «ጨለማ የኃጢአት ምሳሌ አይደለም ወይ?» ይላል። ጨለማ ማለት ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ማለት ነው። ሐዋርያው ዮሐንስ ስለ ሌሊት እንጂ ስለ ማንም ቆዳ አልጻፈም። ነገሩ በቀጥታ የተነሣበትን ቦታ ከፈለጋችሁ ዘኍልቍ 12ን ክፈቱ። ማርያምና አሮን ሙሴ ያገባትን ኢትዮጵያዊት ሴት ምክንያት አድርገው ያሙታል። በመጨረሻ ማርያም ምን ሆነች? እንደ በረዶ ለምጻም ሆነች። በዚያ ምዕራፍ ንጣት ሽልማት አይደለም። ኢትዮጵያዊቷ ሚስት አንድ ቃል አልተናገረችም፤ በእሷ ላይ የደረሰም ነገር የለም። ኤርምያስ 13፥23ም የኢትዮጵያዊውን ቆዳ ያነሣው ነውር ነው ለማለት አይደለም፤ የማይለወጥ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። ከነብር ዝንጕርጕርነት ጋር አብሮ የተጠቀሰውም ለዚህ ነው። በዝንጕርጕርነቱ የሚያፍር ነብር የለም።

መኃልየ መኃልይ 1፥5 ደግሞ የእኛን «ብትልም» በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለው። እዚያ የምትናገረው ልጅ ጥቁር መሆኗንና ውብ መሆኗን በአንድ ትንፋሽ ትናገራለች። ሁለቱን የምታያይዛቸው በዕብራይስጡ «ዋው» የተባለች አንዲት ፊደል ናት። ይህች ፊደል እንደ አገባቧ «እና» ተብላም «ነገር ግን» ተብላም ልትተረጎም ትችላለች። «ነገር ግን»ን የመረጡ ተርጓሚዎች አሉ፤ «እና»ን የመረጡም አሉ። የእነሱን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው። እናንተ ግን ተርጓሚዎች አይደላችሁም፤ ታሪኩ የራሳችሁ ነው። «ጥቁር ናት» ብላችሁ ነጥብ አስቀምጡ። ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው።

አንዳንድ አገልጋዮች በሌላ በኩል ይመጣሉ። 1ኛ ሳሙኤል 16፥7ን ያነብቡና፣ እግዚአብሔር የሚመለከተው ልብን ስለሆነ ክርስቲያን ጸሐፊ መልክን ትቶ ስለ ልብ ብቻ ይጻፍ ይላሉ። ሲሰሙት መንፈሳዊ ነው። እስቲ ከዚያው ምዕራፍ አምስት ቁጥር ብቻ ውረዱ። ቁጥር 12 ላይ ዳዊት ሲገባ ጸሐፊው ቀይነቱን፣ የዓይኑንና የመልኩን ማማር ይነግረናል። ሳሙኤል የተገሠጸው የኤልያብን ቁመት ስላየ አይደለም፤ ቁመቱን አይቶ «ይህ ንጉሥ ነው» ብሎ ስለ ደመደመ ነው። ማየት ሌላ፣ መፍረድ ሌላ። «ይኸው፣ ዳዊት ቀይ ነበር!» የሚለኝ ደግሞ አይጠፋም። ዔሳውም ቀይ ነበር፤ ዘፍጥረት 25፥25ን ተመልከቱ። ሁለቱንም የገለጸው የዕብራይስጥ ቃል አንድ ነው።

መልክን መተውም የሚመስለውን ያህል ንጹሕ አይደለም። እናንተ ዝም ያላችሁትን አንባቢው ይሞላዋል፤ የሚሞላው ደግሞ ቀድሞ በአእምሮው በተቀመጠ ፊት ነው። ለዚህ ኮልፌን የሚያውቁ አንድ ሰው ምስክሬ ይሁኑ። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. እዚሁ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። በዚያው ዓመት ቀደም ብለው ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲመጡ የሆነውን በሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል። ወደ አውሮፕላኑ ሲገቡ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አዩና ደነገጡ፤ ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል ብለው። ጥቂት ቆይተው የአፓርታይድ አስተሳሰብ ወደ እሳቸውም ዘልቆ እንደነበር ተረዱ። ለወገናቸው ነፃነት ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰው «አብራሪ» ሲባል በሐሳባቸው የሚመጣው የነጭ ፊት ከነበረ፣ የእናንተ አንባቢ «ሐኪሙ ገባ» የሚለውን ሲያነብብ ማንን እንደሚያይ ገምቱ። «ሌባው ሮጠ» የሚለውን ሲያነብብስ?

የጌታችንን መልክ እንኳ ተመልከቱ። አራቱም ወንጌላት ስለ ቁመቱም ስለ ፊቱም አልነገሩንም። ዝምታው ግን ባዶ ሆኖ አልቆየም። ዋርነር ሳልማን የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1940 እ.ኤ.አ. የሣለው፣ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ ኢየሱስ በመቶ ሚሊዮኖች ቅጂ ታትሞ ዓለምን ሞላ። ሥዕል አንሰቅልም በምንል ቤቶች ውስጥ እንኳ በቀን መቁጠሪያ ስም እሱን የመሰለ ገብቶ ግድግዳ ላይ ታገኙታላችሁ። ኢሳይያስ 53፥2 ግን ስለዚያ ሰው መልክ የሚለው ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ዓይን የሚማርክ ውበት እንዳልነበረው ነው የሚናገረው። በጋዛ መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ የነበረው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሲያነብብ ፊልጶስ የደረሰበት ምዕራፍ ይኸው ነው።

መልክ ይጻፍ። እንዴት ለሚለው መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ተራኪ አንብቡት። መልክን የሚነግረን አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ ሲነግረን ግን የተነገረው ነገር ሥራ አለው። መሳፍንት 3 ላይ ናዖድ ግራኝ መሆኑ፣ ንጉሡ ዔግሎም ወፍራም መሆኑ ይነገረናል። ለጌጥ አይደለም። ግራኝ ስለሆነ ሰይፉን በቀኝ ጭኑ ታጥቆ ይገባል፤ ንጉሡ ወፍራም ስለሆነ ሰይፉ እጀታው ሳይቀር ሆዱ ውስጥ ይጠፋል። የአቤሴሎም ፀጉር ሲቆረጥ ሁለት መቶ ሰቅል ይመዝን እንደነበር እናነብባለን፤ አራት ምዕራፍ ቆይቶ ራሱ በዛፍ ቅርንጫፍ ተይዞ ተንጠልጥሎ እናገኘዋለን። ውበቱ የታሪኩ አንድ ማገር ሆነ።

ዘኬዎስን ደግሞ እንውሰድ። ሉቃስ ስለ መልኩ የነገረን አጭር መሆኑን ብቻ ነው። ስለ ዓይኑ፣ ስለ አፍንጫው፣ ስለ ቀለሙ ምንም የለም። አጭርነቱ ባይኖር ዛፉ የለም፤ ዛፉ ባይኖር ታሪኩ የለም። ይህን ታሪክ ከእኛ አንዱ ቢጽፈው ኖሮ ቀረጥ ሰብሳቢው በመጀመሪያ ጠቋራ፣ ዓይኑ የሸሸ፣ ፊቱ የጨፈገገ ይሆን ነበር፤ በመጨረሻው ገጽ ፊቱ ፈክቶ ቀና ብሎ ሲሄድ እናየው ነበር። በሉቃስ ወንጌል ግን ዘኬዎስ ከዛፉ ሲወርድም ያው አጭር ሰው ነው። የተለወጠው ገንዘቡን የሚያወጣበት እጁ ነው።

ሜምፊቦስቴ ከዚህም ይበልጣል። የዮናታን ልጅ ነው፤ አምስት ዓመት ሳለ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ እግሩ ሽባ ሆነ። ዳዊት አስፈልጎ ከገበታው አስቀመጠው። 2ኛ ሳሙኤል 9 የሚያበቃው በምን እንደሆነ ተመልከቱ። ሁልጊዜ ከንጉሥ ገበታ ይበላ እንደነበር ይነግረንና፣ እዚያው ላይ ሁለት እግሩ ሽባ መሆኑን ደግሞ ይነግረናል። በዚህም ምዕራፉ ይዘጋል። ክብር አገኘ፤ እግሩ ግን እንደነበረ ነው። ጸሐፊው ይህን ለመደበቅ አልሞከረም፤ በ«ቢሆንም»ም አላባበለውም።

ሜምፊቦስቴን ያነሣሁት ለሰፈራችን ስል ነው። ዘነበ ወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ለባለሙያዎች ሥልጠና ነበር። ከዚያም በፊት በቦታው በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የተሰየመ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበረ። ለሕክምና ከሩቅ አገር መጥተው፣ ድነውም ወደ ቀዬአቸው መመለስ ያልቻሉ ሰዎች በዙሪያው ቤት ሠርተው ልጅ ወልደው የልጅ ልጅ አይተዋል። እነዚያ የልጅ ልጆች ከእናንተ ጋር ይማራሉ፤ ከእናንተ ጋር ይዘምራሉ። እናም እኛ በመጽሔታችን ስግብግቡን ሰው ጣተ ቆራጣ እናደርገዋለን። «የኃጢአት ለምጽ» የሚል ርእስ እናወጣለን። በስብከትም በልብ ወለድም «ቆማጣ» የሚለውን ስድብ ለነፍስ ሁኔታ ምሳሌ አድርገን እንጠቀምበታለን። አያቷ ሁለት ጣት ብቻ የቀሩላት፣ በእነዚያው ሁለት ጣቶች ጥጥ ፈትላ እናቷን ያሳደገች ልጅ ይህን ስታዳምጥ ምን እንድታስብ ነው የምንፈልገው?

እውነቱ ይነገር። የሥጋ ደዌ የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው፤ ሐንሰን የተባለ ኖርዌያዊ ሐኪም በ1873 እ.ኤ.አ. አግኝቶታል። በመድኃኒት ይድናል። ሕክምናውን የጀመረ ሰው ለሌላ አያስተላልፍም፤ በጊዜ የታከመም የአካል ጉዳት ሳይደርስበት ይድናል። በዘሌዋውያን ለምጽ የተባለው ደግሞ ከዚህ በሽታ የሰፋ ነገር ነው፤ ምዕራፍ 13ንና 14ን ብታነብቡ ልብስንም የቤት ግድግዳንም ሲይዝ ታገኙታላችሁ። ግድግዳ የሥጋ ደዌ አይዘውም። በእኛ ቋንቋ ሰው ከሕመሙም ከኃጢአቱም «ዳነ» ይባላል፤ ቃሉ አንድ ነው። ከሥጋ ደዌ የዳነ ሰው ጣቱ አይበቅልም። ድኗል ግን። ታሪክ የምትጽፉ ሰዎች ይህን መጻፍ ካልቻላችሁ፣ የድነት ታሪክ እንጽፋለን አትበሉ።

የአማርኛ ጸሐፊ ሌላም አደጋ አለበት፤ ፊት ሳይጻፍ ግሱ ቀድሞ ይፈርዳል። ባለሱቁ «ተቀመጡ»፣ ዘበኛው «ተቀመጠ»። የቤቱ እመቤት «አሉ»፣ ሠራተኛዋ «አለች»፤ ሠራተኛዋ በዕድሜ የእመቤቷ እናት ልትሆን ትችላለች። አንቱታን አጥፉ አላልኩም፤ ታላቅን ማክበር መልካም ነው። ረቂቃችሁን ስትጨርሱ ግን «እርስዎ» የተባሉት እነማን እንደሆኑ አስምሩባቸው። ሁሉም መኪና ያላቸው ሆነው ካገኛችኋቸው ያከበራችሁት ዕድሜን አልነበረም። የመጽሐፍ ቅዱሳችን አማርኛ ንጉሡንም በመንገድ ዳር የተቀመጠውን ዓይነ ስውርም በአንድ «አለ» ነው የሚተርካቸው።

ከአገራችን ደራስያንም መማር ይቻላል፤ «ዓለማዊ» ብላችሁ አትሽሹ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች፤ ሰው የሚያየውና እውነቱ የተለያዩ በመሆናቸው ነው ታሪኩ ወደፊት የሚሄደው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ካሣ ዳምጤን አገሬው «ጉዱ ካሣ» ይለዋል፤ እንደ እብድ ያየዋል። አንባቢው ቀስ በቀስ የሚረዳው የዘመኑን በደል ከሁሉ አጥርቶ የሚያየው ያ «እብድ» መሆኑን ነው። ደራሲው የአገሬውን ፍርድ አልደበቁም፤ አልፈረሙበትም እንጂ። ገጸ ባሕርይ ሰውን በመልኩ ሊንቅ ይችላል። በአንድ ታሪክ ውስጥ አክስትየው «ምነው ጥቁር አመጣህብኝ?» ብትል እውነት ነው፤ እንዲህ የሚሉ አክስቶች አሉን። ተራኪው አብሯት ሲል ነው ነገሩ የሚበላሸው።

አንድ ሰው ብቻ ልጨምር። በኤርምያስ 38 ነቢዩን ወደ ጉድጓድ ጥለውት በጭቃ ሰጥሞ ነበር። ሊያወጣው የመጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ኢትዮጵያዊ መሆኑንና በንጉሥ ቤት ማገልገሉን እናውቃለን፤ ስለ ፊቱ አንድ ቃል የለም። አሮጌ ጨርቅ ይዞ መምጣቱን ግን እናውቃለን። ጨርቁን በገመድ ወደ ጉድጓዱ አወረደና፣ ገመዱ እንዳይቆርጠው ከብብቱ ሥር እንዲያደርገው ለኤርምያስ ነገረው። ሰውን ከጉድጓድ ለማውጣት ገመድ ይበቃል። ጨርቁን ያሰበ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለመግለጽ ጸሐፊው ሌላ ቅጽል አላስፈለገውም።

ለሚቀጥለው ዕትም የምትጽፉ እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። የገጸ ባሕርያታችሁን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሩና ከእያንዳንዱ ጎን ስለ መልኩ ያላችሁትን ጻፉ። ጥቁር የተባለው ማን ነው? ጠባሳ የተሰጠው ማን ነው? መልክ የተነፈገው ማን ነው? ያ መልክ በታሪኩ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከሌለ አውጡት፤ ሥራው ሰውየውን ማስጠላት ብቻ ከሆነ ፈጥናችሁ አውጡት። «ብትልም»ና «ቢሆንም» ከመልክ ጋር ተያይዘው የመጡበትን ጽሑፍ በበኩሌ አስምሬበት እመልሰዋለሁ፤ አትቀየሙኝ፣ አስተካክላችሁ ላኩት። በድራማ ክፍል ያላችሁ ደግሞ ከሰሉን ወደ ማድቤት መልሱት፤ ለቡና ይፈለጋል።